የሰፈር የደህንነት እቅድ ሊወጣ ነው፤ ነዋሪውን ከልብ ማሳተፍ የሚቻለው እንዴት ነው?

የሳሙና በር ልጅ

ሰላም ናችሁ የጎንደር ልጆች። በቀጥታ ወደ ጉዳዩ ልግባ።

ቀበሌያችን የሰፈሩን የሰላምና የደህንነት እቅድ ሊያወጣ ነው። ከእድሩ፣ ከሴቶች፣ ከወጣቱና ከሃይማኖት አባቶች የተውጣጣ ኮሚቴ ተቋቁሟል፤ እኔም በወጣቱ በኩል ገብቻለሁ። ደስ ብሎኝ ነው የገባሁት። እናቴና እህቶቼ የሚወጡበት የሚገቡበት ሰፈር ነው።

ያሳሰበኝ አካሄዱ ነው። የለመድነውን ስብሰባ ታውቁታላችሁ። ሦስት ሰዓት ተብሎ አራት ተኩል ይጀመራል፣ ተዘጋጅቶ የመጣው ጽሑፍ ይነበባል፣ መድረክ ላይ ያሉት ይናገራሉ ይናገራሉ፣ "አስተያየት ካላችሁ" የሚባለው ሰው ለምሳ ሊነሳ ሲል ነው። ከዚያ እጅ ይወጣል፣ አቴንዳንስ ይፈረማል፣ ቃለ ጉባኤው ላይ "ነዋሪው በሰፊው ተወያይቶ አጽድቆታል" ተብሎ ይጻፋል። ማንም አልተወያየም።

አሁንም ረቂቁን አይቼዋለሁ። የጸጥታ መዋቅሩን ማጠናከር፣ ግንዛቤ መፍጠር፣ ቅንጅታዊ አሠራር መዘርጋት ይላል። ሰፈር ውስጥ ሰው የሚያወራው ግን ሌላ ነው። ከባጃጅ መውረጃው እስከ ውስጥ ያለው ቅያስ ድቅድቅ ጨለማ ነው። ያልተጨረሰ ጅምር ሕንጻ አለ፤ እዚያ የሚያድሩ ልጆች አሉ። የፍሳሽ ቦዩ ክዳን ከተነሳ ቆየ፣ ባለፈው ክረምት አንዲት አሮጊት ገብተውበት እግራቸው ተሰብሯል። ልጅ ትምህርት ቤት ልኮ እስኪመለስ ሆዱ የማይረበሽ ወላጅ የለም፣ የእገታው ወሬ ሁሉንም ቤት ነክቷል። ይሄ ሁሉ ረቂቁ ውስጥ የለም።

ሰው በነጻነት እንዲናገር ምን ይደረግ? ከማን እንጀምር? የወጣው እቅድስ ወረቀት ላይ እንዳይቀር ምን ማድረግ ይቻላል? የሠራችሁበት ካላችሁ እባካችሁ ዝርዝሩን ንገሩኝ።

---

የቤት ለቤቷ

ወንድሜ ጥሩ ጥያቄ ነው ያነሳኸው። እኔ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ነኝ፣ ሥራዬ ቤት ለቤት ስለሆነ ሰው አዳራሽ ውስጥ ምን እንደሚልና እቤቱ ምን እንደሚል ልዩነቱን በደንብ አውቀዋለሁ።

አዳራሹን እርሳው። ቢያንስ ለመጀመሪያው ዙር እርሳው። ሰው ራሱ በሚሰበሰብበት ቦታና ሰዓት ሂድ። እድር ወርሃዊ መዋጮ የሚከፈልበት ቀን አለ፣ ሰንበቴ አለ፣ ቦኖ ውሃ ላይ ወረፋ አለ። እኔ ብዙ ነገር የሰማሁት ቡና ላይ ነው። ሁለተኛው ሲቀዳ ሰው ይከፈታል።

ሴቶችን ለብቻ ጠይቃቸው። ይሄን አደራ እልሃለሁ። ባል፣ አማትና የቀበሌ ሰው ባለበት አንዲት ልጅ "እዚህ ጋ ሰው ይጎትተኛል" ብላ አትናገርም። አንድ ምሳሌ ልንገርህ። እኔ በምሠራበት ሰፈር ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው፣ ብዙ ጊዜ የሚለቀቀው ደግሞ ሌሊት ነው። ቧንቧ ግቢው የሌለው ሰው ጎረቤት ሄዶ ይቀዳል። የሚላከው ማነው? ሠራተኛዋ ወይም ሴት ልጅ ናት። ዘጠኝ ሰዓት ሌሊት ሁለት ባለ ሃያ ሊትር ጀሪካን ይዛ። አንዷ ልጅ ጀሪካኑን መሬት ላይ ሳታስቀምጥ አንድ ትንፋሽ እንደምትወጣ ነገረችኝ፣ ካረፈች የሚመጣባት ሰው ስላለ ነው። ወንዶቹ ሲጠየቁ ያሉት "የሰፈራችን ችግር ሌባ ነው" ነበር። ውሸት አይደለም፣ ሌባም አለ። ግን የልጅቷ ጉዳይ ማንም አፍ ላይ አልነበረም። የእርሷ መፍትሔ ደግሞ ከፖሊስ በፊት የውሃ ፈረቃው ሰዓት ነው። ውሃው ማታ አንድ ሰዓት ላይ ቢለቀቅ ግማሹ ችግር ይቃለላል።

ሌላ ደግሞ ዩኒቨርሲቲውን ተጠቀሙበት። ጎንደር የጤና ኮሌጅ ሆኖ ሲከፈት፣ በ1947 ዓ.ም. ማለት ነው፣ የጤና መኮንን፣ የማህበረሰብ ነርስና ሳኒታሪያን አብረው ሠልጥነው ሕዝቡ መሀል እንዲሠሩ ተብሎ ነው የተቋቋመው። ተማሪዎቹ እስከ ዛሬ በቡድን ማህበረሰቡ ውስጥ ይወጣሉ፣ ቤት ለቤት ይጠይቃሉ፣ ችግሩን በቅደም ተከተል ያስቀምጣሉ፣ ከነዋሪው ጋር የመፍትሔ እቅድ ያወጣሉ። በደብዳቤ ብትጠይቁ ቢያንስ መጠይቅ ለማዘጋጀት የሚያግዛችሁ አታጡም። ጠያቂው የሰፈሩ ሰው አለመሆኑም ይጠቅማል፣ ሰው ሚስጥሩን ለጎረቤት ልጅ አይነግርም።

---

ጡረተኛው ሳጅን

ልጄ፣ እድሜዬን በፖሊስነት ያገለገልኩ ነኝ፣ መጨረሻ ላይ በማህበረሰብ አቀፍ ወንጀል መከላከል ሥራ ላይ ነበርኩ። የምመክርህን ስማኝ።

ፖሊስ ጋ ያለው መዝገብ የሚነግርህ ሰው መጥቶ ያመለከተውን ብቻ ነው። ስልክ የተቀማ ያመለክታል፣ ምናልባት። የተደፈረች፣ ባሏ የሚደበድባት፣ ልጁ ሱስ የገባበት አባት አያመለክትም። ስለዚህ እቅዱን ከመዝገብ ብቻ ካወጣችሁት ግማሽ እቅድ ነው። የቤት ለቤቷ ልጅ ያለችው ትክክል ነው።

አሁን ስለ ጅምር ሕንጻው። ኮሚቴው ሲሰበሰብ የመጀመሪያው ሐሳብ ምን እንደሚሆን አውቀዋለሁ። "ልጆቹ ይባረሩ" ነው የሚባለው። ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ። ታባርራቸዋለህ፣ ከሁለት ሰፈር በኋላ ያለ ሌላ ጅምር ይገባሉ፣ በሳምንቱ ይመለሳሉ። መጀመሪያ ሂድና አናግራቸው። እነሱም የሰፈሩ ነዋሪዎች ናቸው፣ ሌሊቱን ከማንም በላይ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ማን እንደሚመጣ፣ የትኛው ባጃጅ መብራት አጥፍቶ እንደሚቆም ያውቃሉ። እኔ በምሠራበት ጊዜ ጫማ የሚያሳምር አንድ ልጅ ከማንም ምስክር በላይ ረድቶናል። በደግ አናግረኸው፣ ዳቦ ገዝተህለት፣ ስሙን ጠይቀኸው ነው። ሕንጻውን ደግሞ ባለቤቱ ይጠረው፣ በር ያብጅለት። ባለቤቱ ማን እንደሆነ ማዘጋጃ ቤት ይታወቃል።

ስለ ጨለማው የምነግርህ አለኝ። አሁን የምኖርበት ሰፈር ውስጥ በእድሩ ተስማምተን እያንዳንዱ ግቢ በሩ ላይ አንድ አምፖል እንዲያበራ አደረግን። ፒያሳና ቤተ መንግሥቱ አካባቢ በኮሪደር ልማቱ መብራት በመብራት ሆኗል፣ እሰየው፣ የውስጥ ለውስጡ መንገድ ግን ወረፋው መቼ እንደሚደርሰው አይታወቅም፣ ቁጭ ብሎ መጠበቅ የለብንም አልን። አንዳንዱ ቤት በጋራ ቆጣሪ የሚኖር ደሃ ነው፣ ለነሱ አምፖሉንም የወር ሂሳቡንም እድሩ ይሸፍናል። ይሄን በመጀመሪያው ቀን ካልተነጋገራችሁበት ሰው አፍሮ ዝም ይልና አምፖሉ ይጠፋል። መብራት ሲጠፋ ሁሉም ይጠፋል፣ ያ ሌላ ጉዳይ ነው።

ለጥበቃ ገንዘብ የምታዋጡ ከሆነ ደግሞ ደረሰኝ ይኑር። በየወሩ እድር ላይ "ይሄን ያህል ገባ፣ ይሄን ያህል ለዘበኛ ተከፈለ፣ ዘበኛው በዚህ ቀን አልመጣም" ተብሎ ይነበብ። የሌሊት ጥበቃ በየሰፈሩ የሚፈርሰው በሌባ ምክንያት አይደለም፣ በሂሳብ ምክንያት ነው።

---

አዘዞ ተወልጄ

ለሁላችሁም አክብሮት አለኝ፣ ግን ያልተነሳ ነገር ስላለ ልበል።

ሰው ስብሰባ ላይ ዝም የሚለው ሰዓቱ ስለረዘመ ብቻ አይደለም። ይፈራል። ቀበሌ ራሱ በ1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሲሆን የተቋቋመ ነው፣ የነዋሪዎች ማህበር ነበር የተባለው። ከዚያ በኋላ ቀይ ሽብር መጣ፣ እናቶቻችን ስለ ቀበሌ ሲያወሩ ድምፃቸውን የሚቀንሱት ለምን ይመስላችኋል? ከዚያም አንድ ለአምስት መጣ። አሁን ደግሞ ያለንበትን ሁኔታ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፣ ከተማው ዙሪያ ግጭት ባለበት ጊዜ "ስለ ደህንነት እንወያይ" የተባለ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው "ነገ ይሄ ንግግሬ የት ይደርሳል" ብሎ ነው። ልክ ነው ማሰቡ።

ስለዚህ ሁለት ነገር እለምንሃለሁ። አንደኛ፣ የሰው ስም የሚጠራበት መድረክ እንዳይሆን። "እገሌ ቤት ሰው ይገባል ይወጣል" ከተጀመረ ያ የደህንነት እቅድ መሆኑ ቀርቷል። ከቦታ፣ ከሰዓትና ከነገር ውጭ አይመዝገብ። የትኛው መንገድ፣ ስንት ሰዓት ላይ፣ ምን ይፈጠራል። በቃ። ተናጋሪውም በስም አይጻፍ። ሁለተኛ፣ እገታንና ጦርነትን ነዋሪው ትከሻ ላይ አትጫኑ። አንድ ሰፈር በር ላይ አምፖል ሊያበራ ይችላል፣ ልጆችን በቡድን ትምህርት ቤት ሊያደርስ ይችላል፣ የታጠቀ አጋች ሊመክት ግን አይችልም። ይሄ የመንግሥት ኃላፊነት ነው፣ እቅዱ ላይም እንደዚያው ተብሎ በግልጽ ይጻፍ።

ሌላው ደግሞ ተከራዩ ነው። ማራኪ አካባቢ ያለውን ተማሪ፣ ከገጠር ተፈናቅሎ መጥቶ አንድ ክፍል ተከራይቶ የሚኖረውን ቤተሰብ ማን ይጠይቀው? እድር ውስጥ የለም፣ ሰንበቴ የለውም፣ ቀበሌ መታወቂያም ላይኖረው ይችላል። በእድር ብቻ ከሄዳችሁ የምታገኙት ባለቤቶችን ነው። የሚዘረፈው ግን ተከራዩ ነው፣ በሩ ደካማ ነው።

---

ከአራዳ እስከ ኦታዋ

ሰላም ለሁላችሁ። ልጅነቴ አራዳ ነው፣ አሁን የምኖረው ካናዳ ኦንታሪዮ ነው። ጉዳዩ እዚህ በሕግ የተደነገገ ስለሆነ የማውቀውን ላካፍል።

እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 ቀን 2019 ጀምሮ በኦንታሪዮ ያሉ ማዘጋጃ ቤቶች የማህበረሰብ ደህንነትና የተሻለ ኑሮ እቅድ የማውጣት የሕግ ግዴታ አለባቸው። ለመጀመሪያው እቅድ የተቀመጠው ቀን በኮቪድ ምክንያት ተገፍቶ ጁላይ 1 ቀን 2021 ሆነ። ትንንሾቹ ከተሞች ተጣምረው አንድ እቅድ ማውጣት ይችላሉ። እኔን የገረመኝ ኃላፊነቱ የፖሊስ አለመሆኑ ነው። የማዘጋጃ ቤቱ ምክር ቤት ነው የሚያወጣው፣ አጠገቡ ደግሞ ከጤና፣ ከትምህርት፣ ከማህበራዊ አገልግሎት፣ ከሕጻናትና ወጣቶች ዘርፍ እና ከፖሊስ ቦርድ የተውጣጣ አማካሪ ኮሚቴ ይቀመጣል። ፖሊስ ከብዙዎቹ አንዱ ነው። ሕዝቡን፣ ወጣቶችንም ጨምሮ፣ ማማከር ግዴታ ነው። እቅዱ ሲያልቅ ለሕዝብ ይፋ መሆን አለበት።

ሥራውን አራት ቦታ ይከፍሉታል። አንዱ የኑሮ መሠረት ነው፣ ሥራ፣ ቤት፣ ትምህርት፣ ጤና። ሁለተኛው መከላከል ነው፣ የታወቀ ችግር ላይ ቀድሞ መሥራት። ሦስተኛው አደጋ ላይ ያለን ሰው ወይም ቤተሰብ ነገሩ ሳይፈነዳ መድረስ ነው። አራተኛው ከተፈጠረ በኋላ ፖሊስም አምቡላንስም መላክ ነው። ሐሳቡ ገንዘቡና ጉልበቱ ሁሉ አራተኛው ላይ እንዳያልቅ ነው። የቤት ለቤቷ እህታችን የነገረችን የውሃ ፈረቃ ነገር አንደኛውና ሁለተኛው ላይ ይገባል። ጀሪካን የተሸከመችዋ ልጅ ፖሊስ ከመጥራቷ በፊት የሚሠራ ሥራ አለ ማለት ነው።

አንድ የሚጠቅማችሁ ነገር ልጨምር። እዚሁ ቶሮንቶ እ.ኤ.አ. በ1989 ሜትራክ የሚባል በሴቶች ላይ የሚደርስ ጥቃትን የሚከላከል ድርጅት የደህንነት ፍተሻ የሚባል ዘዴ አወጣ፣ ከዚያ ወደ ብዙ አገር ሄዷል። ዘዴው ቀላል ነው። ጥቂት ሴቶች ሰብሰብ ብለው ሰፈሩን በሚፈሩበት ሰዓት በእግራቸው ይዞራሉ። በየደረሱበት ይቆሙና ይጠያየቃሉ። እዚህ ጋ ይታያል? ብጮህ የሚሰማኝ አለ? መሸሻ አለ? ከዚያ ጥግ በስተጀርባ ምን አለ? ይጽፉታል፣ ከዚያ ከማዘጋጃ ቤቱ ሰው ጋር ተቀምጠው ይነጋገሩበታል። ባለሙያ አይፈልግም። የምትኖርበት ሴት ናት ባለሙያዋ።

የኦንታሪዮው እንዳለ ይገልበጥ እያልኩ አይደለም። እዚህ በጀት አለ፣ እዚያ የለም። እዚያ ደግሞ እድር አለ፣ እዚህ የጎረቤቴን ስም አላውቅም።

---

አዘዞ ተወልጄ

ወንድሜ የኦታዋው፣ ዘዴው ግሩም ነው። ግን አሁን ባለው ሁኔታ ማታ በቡድን መዞር አይመከርም፣ የማያውቃችሁ ጠባቂም ሊደነግጥ ይችላል። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ፣ ዓይን መያዝ ሲጀምር አድርጉት። ያኔም አምፖሉ የቱ ጋ እንደሌለ ይታያል። ለቀበሌውም ቀድማችሁ አሳውቁ።

---

የቤት ለቤቷ

እውነት ነው። መዞሩ ካልተቻለ ደግሞ ካርታ አሥሏቸው። ትልቅ ወረቀት መሬት ላይ ዘርጋ፣ ቤተ ክርስቲያኑን፣ መስጊዱን፣ ወፍጮ ቤቱን፣ ቦኖውን ራሳቸው ያስቀምጡ። የሚፈሩበት ቦታ ላይ ባቄላ ያድርጉ። መጻፍ የማትችል እናት እኩል ትሳተፋለች። ባቄላው የበዛበት ቦታ ያለ ንግግር ይታያል፣ "ማን አለ" የሚል ጥያቄም የለም። አዘዞ ተወልጄ ያነሳውን ፍርሃት በዚህ በኩል ትንሽ ታቀለዋለህ።

---

የሳሙና በር ልጅ

ኧረግ! እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ይሄን ያህል አልጠበቅሁም። ጋሽ ሳጅን፣ የአምፖሉን ሂሳብ ጉዳይ ሳናነሳ ልንጀምር ነበር። በዚህ ሳምንት ጅምር ሕንጻው ውስጥ ከሚያድሩት ልጆች ጋር አወራለሁ፣ የሚያውቀኝ አንድ ልጅ መሀላቸው አለ።

የጥምቀት ወጣቶችንም ማስገባት አስቤያለሁ። መንገድ የሚጠርጉት፣ ምንጣፍ የሚያነጥፉት፣ ሕዝቡን በገመድ የሚያስተናግዱት ልጆች ለሰው ብዛት ልምድ አላቸው። በ2012 ዓ.ም. ጥምቀት ላይ ፋሲል መዋኛ የእንጨት መቀመጫው ተደርምሶ ሰው የሞተበትን ሁላችንም እናስታውሳለን። ያም የደህንነት ጉዳይ ነው፣ ሌባና ወንበዴ ብቻ አይደለም። የትኛው መተላለፊያ እንደሚጨናነቅ እነዚያ ልጆች ያውቁታል፣ በእቅድ ሰዓት ግን ጠይቋቸው የሚያውቅ ያለ አይመስለኝም።

የቀረኝ አንድ ጥያቄ ነው። ሰው ተናገረ እንበል፣ ካርታው ተሠራ፣ ባቄላው ተቆጠረ። ኮሚቴው ግን መጨረሻ ላይ የድሮውን ረቂቅ ቢያጸድቅስ?

---

ጡረተኛው ሳጅን

ልጄ፣ መልሰህ ለሰው ካላነበብክለት ያጸድቀዋል። ካርታው እንዳለቀ ኮሚቴው ከመሰብሰቡ በፊት እድሩ ላይ ወስደህ አሳየው። "ይሄን ነበር ያላችሁት፣ አምስቱ ቦታዎች እነዚህ ናቸው" በል። ሕዝቡ አንዴ ካየው ኮሚቴው ሌላ ነገር ይዞ መምጣት ይከብደዋል። ለያንዳንዱ ነገር ሦስት ነገር ብቻ ጻፍ፣ ማን ይሠራዋል፣ በስንት ቀን፣ ካልተሠራ ማን ይጠየቃል። የቦዩ ክዳን ማዘጋጃ ቤት፣ የውሃ ፈረቃው ውሃ አገልግሎት፣ አምፖሉ እኛ። "ይጠናከራል" "ይዘረጋል" የሚል ቃል ያለበትን ዓረፍተ ነገር አስወጣ።

ማዘጋጃ ቤት አልችልም ካለም መልሱን በጽሑፍ ተቀበልና እድሩ ላይ አንብበው። ሰው እምቢታን ይቀበላል፣ ዝምታን ነው የማይቀበለው። ከሁሉ በፊት ደግሞ አንድ ቀላል ነገር ቶሎ ሥራና አሳያቸው። የቦዩን ክዳን አስቀድም። አሮጊቷ የወደቁበት ስለሆነ ሁሉም ይስማማል፣ የአንድ ቀን የብየዳ ሥራ ነው። ያ ከተሠራ ለሁለተኛው ስብሰባ ሰው ሳትለምነው ይመጣል።

---

የቤት ለቤቷ

መጠይቁን ለማዘጋጀት እኔ አግዝሃለሁ፣ በውስጥ መስመር ጻፍልኝ። ለሴቶቹ የሚሆን ለብቻው አለኝ፣ ትንሽ ማስተካከል ነው የሚፈልገው። ጠያቂዎቹ ግን ሴቶች ይሁኑ፣ ከኮሚቴው ሁለት ሴቶች ስም ይዘህ ና።